ምራቂ የሄደችው ቀበቶ

ሰኔ 18 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ዝናቡ ሲያባራ ፍቃዱ ሱቄ መጣ። እህል በረንዳ ያሉት የድሮ ወፍጮዎች ሊነሱ ነው። ነቅሎ የማውጣቱንና የመጫኑን ሥራ ጋሼ ኃይለመለኮት ይዘውታል። ፍቃዱ የእሳቸው አሳሪ ነው፤ ክሬኑ ከማንሳቱ በፊት ዕቃውን በቀበቶ የሚያስረው እሱ ነው። ሥራውን ያስተማረው ባለቤቴ ይመር ነበር።

ቢጫ ቀበቶ አራት ወሰደ። ቢጫው ሦስት ቶን ያነሳል። አረንጓዴው ይበቃል ብሎ ሲከራከረኝ ቆይቶ ተወ። ከዚያ፣ "እትዬ በለጥሻቸው፣ ምራቂ የለውም?" አለ። ቁራጭ ሸራ ልሰጠው ዞር ስል እሱ በሩ ምስማር ላይ ወደተሰቀለችው ቀበቶ አመለከተ።

"ያቺን ይስጡኝ።"

"እሷማ አሮጌ ናት።"

"አሮጌነቷን አጣሁት? ያኔ የያዘችው እኮ ናት።"

ያኔ የሚለው ይመር የሞተበትን ቀን ነው። ስምንት ዓመት ሆነው። የሚያነሱት ሞተር በሁለት ቀበቶ ነበር የታሰረው። አንዱ ተበጠሰና ሞተሩ በአንድ ጎን ወረደ። ሌላው ስለያዘ ፍቃዱ ከሥር ተስቦ ወጣ። ይመር አልወጣም። የያዘችውን ቀበቶ ከልብሱ ጋር ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። መጣል አልሆነልኝም፣ ማቃጠልም አልሆነልኝም፤ የሱቄ በር ላይ ሰቀልኳት።

በእኛ ሸራ ተራ ለገዛ ሰው የሚጨመር ምራቂ ተጠይቆ አይከለከልም። አውርጄ ሰጠሁት። "ለመኪና ጭነት ማሰሪያ ትሆንሃለች፤ ለማንሳት አይደለም" አልኩት። እሱ ሳማት። ቀበቶዋን እንደ ልጅ አገላብጦ ሳማት።

ገበያው ዛሬ ደህና ነበር።

ሰኔ 19

ምስማሩ ባዶ ነው። ጃንጥላዬን ሰቀልኩበት።

ሰኔ 24

ሰዓደት ከጎኔ ባለው ሱቅ ገመድና ሰንሰለት ትሸጣለች። ምሳችንን አብረን እንበላለን። ዛሬ ገና ሳትቀመጥ፣

"ያ ቢጫ ጨርቅሽ የት ገባ?" አለችኝ።

"ሰጠሁት። ፍቃዱ ምራቂ ጠየቀኝ።"

"እሰይ! ስምንት ዓመት ሙሉ የሙት ዕቃ በር ላይ! ሐዘንተኛ ናት ብዬ እንጂ ስንት ቀን በመቀስ ላወርደው አስቤ ነበር። ተገላገልሽ።"

ተገላገልሽ ያለችው ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ጠይቆኝ ነው የሰጠሁት። ሳይጠይቀኝ አልሰጠሁም።

ሰኔ 30

ፍቃዱ ለገመድ መጥቶ እግረ መንገዱን ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"እትዬ፣ ቀበቶዎ ወርቅ ናት! ትናንት አንዱን ሞተር አነሳንባት።"

"ለመኪና ማሰሪያ ነው አላልኩህም?"

"ብለውኛል። ግን እሷን ጣውላ ማሰሪያ ማድረግ ግፍ ነው። አዲሱ ይደርቃል፣ እጅ ይልጣል። እሷ ለስልሳ፣ ለስልሳ... ጋሼ ይመር ምን ይል ነበር? 'አዲስ ቀበቶ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ጠባዩ እስኪታወቅ ከሥሩ አትቁም።'"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይመር እንዲህ ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

"ፀሐይ በልቷታል" አልኩት። "ልስላሴ ያልከው ድካም ነው። የምትችለው ክብደት የተጻፈበት ጨርቅም ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ ጽሑፍ የሌለው ቀበቶ ስንት እንደሚችል አይታወቅም።"

"እኔ አውቀዋለሁ። ከሥሯ ሆኜ አይቻለሁ።"

ቆሜ ሸኘሁት። ስለ ፀሐዩ ነግሬዋለሁ። ስለ ጽሑፉም ነግሬዋለሁ።

ሐምሌ 4

ከቀትር ጀምሮ ዝናብ። ደንበኛ የለም፤ ተቀምጬ ሳነብ ዋልኩ።

ማንበብ የተማርኩት ይመር ከሞተ በኋላ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ከሱቆች ስም ጀመርኩ፤ ማን የማን ሱቅ እንደሆነ ስለማውቅ ስሙን ከፊደሉ ጋር እያጋጠምኩ። ከዚያ የዕድር ማስታወቂያ፣ ከዚያ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ። የፈረንጁን ፊደል በኋላ ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ለቀምኩ፤ እስከ ዛሬ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅብኛል።

ከአዲሶቹ ቀበቶዎች ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት ይመጣል። ሻጩም ገዢውም ይጥለዋል። እኔ አንዱን አስቀርቼ ስንት ክረምት አነበብኩት። ቀለሙ የሚችለውን ክብደት ይናገራል፤ ግን ቀለም ብቻ አይታመንም፣ ጽሑፉን እይ ይላል። አንዱ ቀበቶ ዕቃውን አንቆ ሲይዝ የሚችለው ይቀንሳል። ሁለት ቀበቶ አንድ መንጠቆ ላይ ሲገናኝ፣ እግራቸው እየተራራቀ በሄደ ቁጥር እያንዳንዱ ላይ የሚወርደው ሸክም ይጨምራል፤ ዕቃው ሳይከብድ ለቀበቶው ይከብደዋል። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ የገባኝ ከሰዓደት ጋር የውኃ ባልዲ ለሁለት ስንይዝ ነው፤ ተጠጋግተን ስንሄድ ቀላል ነበር፣ እሷ ራቅ ስትል ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ።

ስለታም ጠርዝ ላይ መከለያ ይደረግ ይላል። ለማሳጠር አትቋጥረው ይላል። ፀሐይ ላይ አታኑረው። እርጥብ ሲሚንቶ አታስነካው። የተቀደደውን፣ የተላጠውን፣ ጽሑፍ ያጣውን ቆራርጠህ ጣለው፤ ሙሉውን ከጣልከው ሌላ ሰው አንስቶ ይሠራበታል ይላል።

ከታች በኩል ሥዕል አለ። መርፌና ክር ተሥሎ በቀይ መስመር ተሰርዟል። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር እላለሁ ለራሴ። ሥዕል ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም።

መብራት ሄደ።

ሐምሌ 11

አዲስ ቢጫ ቀበቶ ይዤ እህል በረንዳ ወረድኩ። ፍቃዱን አስጠራሁትና ለውጠኝ አልኩት። ይህን ውሰድ፣ ያቺን አምጣ።

"በነፃ?"

"በነፃ።"

አዲሱን ተቀበለኝና ትከሻው ላይ ጣለው። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ያቺን ግን አልሰጥም።"

"ለውጥ እኮ ነው ያልኩህ።"

"ምራቂ ይለወጣል? ምራቂ ከተመለሰ የገዛሁትም በረከት አይኖረውም። እርስዎ የገበያ ሰው ነዎት፣ ይህ ይጠፋዎታል?"

አይጠፋኝም። እኔም ሰው ምራቂ ሲያስመልስ ብሰማ አዝንበት ነበር። የሰጠሁትን ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰው እያየ ልጠይቅ?

አዲሱንም አሮጌውንም ይዞ ቀረ።

ሐምሌ 12

ምክንያቱን ብነግረው ይሰጠኝ ነበር። ሌላ ምክንያት ፈልጌ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 18

ጋሼ ኃይለመለኮት ዘንድ ሄድኩ። አብነት አጠገብ ካለው ቢሯቸው ውጭ ቆመው ከሾፌር ጋር ይነጋገሩ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ ያቺ ፍቃዱ የያዛት አሮጌ ቀበቶ ሥራ ላይ ባትውል ጥሩ ነው።"

"ለምን? ምን ሆነች?"

"አርጅታለች።"

"እኛም አርጅተናል እትዬ በለጥሻቸው፤ እየሠራን ነው።" ሾፌሩ ሳቀላቸው። ከዚያ አስተውለው አዩኝ። "ከእርስዎ ሱቅ የወጣች ናት አይደል?"

"ምራቂ ነው የሰጠሁት።"

"ከእርስዎ ሱቅ የወጣ ዕቃ ብልሹ ነው እያሉኝ ከሆነ የቀሩትንም ልመልስልዎት። እኔ ሰው ከሥር አቆማለሁ። አንዱን የሚጠራጠር ሁሉንም ይጠራጠራል።"

"አዲሶቹማ ምንም አይሉም።"

"እሷስ?"

ሾፌሩ እያየኝ ነበር። ከቢሮው በር ላይ ጸሐፊያቸው እያየችኝ ነበር።

"ደህና ናት" አልኩ። "እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ። እንጠነቀቃለን።"

ደህና ናት። በዚሁ አፌ። ይመርም ጠይቆኝ ነበርና።

ሐምሌ 27

ዝናብ። ሸራ ሰፋሁ። አንድ የጅማ ሾፌር ምራቂ ቢለኝ ሻማ ሰጠሁት። ሻማ ማንንም አይጎዳም።

ፍቃዱ አልመጣም። ክፉ ወሬም አልመጣም።

ነሐሴ 5

ጾሙ ገብቷል። ጠዋት ኪዳን አደረስኩ። ቆሜ ሳለሁ ጸሎቱን ትቼ የይመርን ሞት ዋዜማ ማታ ሳስብ ራሴን አገኘሁት።

ይመር ሁለት ቀበቶ ተሸክሞ ገባ። መንጠቆ የሚገባበት ጫፋቸው ላይ ያለው ቀለበት ተበልቷል፤ መሐላቸው ግን ደህና ነው። ለጠዋት ሥራ ነበር። ሸራ መስፊያው መኪና ከአልጋው ፊት ለፊት ነው የቆመው። የተበላውን ቆርጬ፣ አጥፌ፣ አዲስ ቀለበት አወጣሁላቸው፤ በአራቱም ጫፍ። ቀበቶው ወፍራም ስለሆነ መርፌ ሰበርኩ። መኪናው ይንቋቋ ነበር። ይመር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። በእጁ ጎትቶ ሞከረውና "ይሆናል?" አለኝ።

የመለስኩለትን አውቃለሁ። ሸራ በመስፋት በተራው ስሜ የታወቀ ነው፤ የመለስኩትም እንደ ስሜ ነው።

በቀብሩ ማግስት ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር። ቀበቶውን የሞተሩ ጠርዝ ቆረጠው፣ መከለያ ሳያደርጉ አንስተው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አልጀመርኩትም። ሻይ እያቀረብኩ እሰማ ነበር።

ፍቃዱ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ሠልስቱን ሙሉ ከድንኳኑ ሳይወጣ እንጨት ሲፈልጥ፣ ውኃ ሲቀዳ ነበር። "ከሥር መከለያ ያላደረግሁት እኔ ነኝ" ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ አልቅሷል። አነሳሁት። አይዞህ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አልኩት።

ሌላ ምንም አላልኩትም።

ነሐሴ 12

ዛሬ ያደረግሁትን ብጽፈው ይሻላል። ሊሰርቅ የሄደ ሰው ቢያንስ ለራሱ አይዋሽ።

በምሳ ሰዓት ወደ ወፍጮዎቹ ግቢ ሄድኩ። ሠራተኛው ሁሉ በልቶ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ቀበቶዎቹ ከክሬኑ ጎማ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቆልለዋል። አዲሶቹ ቢጫ፣ እሷ ገለባ የመሰለች። ጫፏን ይዤ ሳብ ሳደርግ የክሬኑ ሾፌር ዳኒ ከላይ ከመቀመጫው ብቅ አለ።

"እትዬ! ጾሙ ጠንቶብዎት ቀበቶ ሊበሉ ነው?"

ሁሉም ነቃ፤ ሳቁ። ፍቃዱም ሳቀ፣ ግን ተነስቶ መጣና ጫፏን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ።

"ናፍቃዎት ነው አይደል?" አለኝ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ። "ገብቶኛል። የጋሼ ይመር ማስታወሻ ናት። ሥራው ሲያልቅ ራሴ አምጥቼ በሩ ላይ እሰቅልልዎታለሁ። እስከዚያ እሷ እያለች ልቤ ያርፋል። እውነቴን ነው የምልዎት፣ እሷ ከሌለች ከሥር መግባት እፈራለሁ።"

ዓይኖቹ የዋህ ናቸው። ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ዓይኖች ናቸው።

"ትልቁ ወፍጮ መቼ ነው የሚነሳው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የመጨረሻው እሱ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ።"

ነሐሴ 20

ዝናቡ አላቆመም። ሰዓደት ከእህል በረንዳ መጣች፤ ሐሙስ ጠዋት መንገዱን ዘግተው ትልቁን ወፍጮ ያነሳሉ አለች። ሰው ካሁኑ የማየት ቀጠሮ ይዟል።

"አንቺ ምን ሆነሻል? ከሳሽ" አለችኝ።

"ጾሙ ነው።"

"ጾሙ ከተፈታ ስንት ቀኑ ነው በለጥሻቸው!"

ነሐሴ 21

ቢላዋ አሳለሁ።

ሳልናገር ባድነው ምን አለበት? መናገሩ ለማን ይጠቅማል? ይመር አይሰማ። ፍቃዱ ደግሞ ሌላ ሰው የለውም፤ እናቱ እኔ ነኝ ይላል ለሰው።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ገና ሳይነጋጋ ደረስኩ። ወዛደሩ፣ የጤፍ ነጋዴው፣ ጋሪ ገፊው ሁሉ ዳር ዳሩን ቆሟል። ትልቁ ወፍጮ ከመሠረቱ ተነቅሎ በእንጨት ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ኃይለመለኮት ጃንጥላ ተይዞላቸው ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ዳኒ ክሬኑን ወደ ኋላ እያስጠጋ ነው፤ ፍቃዱ ከኋላ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ "ና፣ ና፣ ና" ይለዋል። ቀበቶዎቹ መሬት ላይ ናቸው። ሁለቱ አዲሶች በአንድ ወገን ተዘርግተዋል። በሌላው ወገን አንድ አዲስና እሷ።

ማንም አላየኝም። አሮጊት ሴት ማን ያያል? ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩና ቀበቶዋን ጭኔ ላይ አድርጌ መሐሏን መቁረጥ ጀመርኩ።

በአንድ ምት የምትበጠስ መስሎኝ ነበር። አይደለችም። ውስጧ ከላይዋ ይጠነክራል፤ ፀሐይ ያልነካው ቢጫው ገና ብሩህ ነበር። እንደ ሥጋ ጅማት እየተንጨፈረረች ታገለችኝ። ግማሹ ላይ ስደርስ አንድ ወዛደር "ኧረ ሴትዮዋ!" ብሎ ጮኸ።

ፍቃዱ ሮጦ መጣ።

"እትዬ! እትዬ ምን እያደረጉ ነው?"

መቁረጤን አላቆምኩም።

"ያቺ እኮ ነፍሴን ያዳነች ናት!"

"አዲስ አለህ። በአዲሱ አንሳ።"

"ለምን? ምክንያቱን ይንገሩኝና ልተዋት! አሁን ራሴ እጥላታለሁ፣ ብቻ ይንገሩኝ!"

ቀና ብዬ አየሁት። ዝናቡ በግንባሩ ይወርዳል። ልነግረው ደርሼ ነበር። ዳኒ የክሬኑን ሞተር አጥፍቶ ያይ ነበር።

"አርጅታለች" አልኩት።

የቀረውን ክር ቆረጥኩ። ለሁለት ሆነች።

የፍቃዱ ድምፅ ተለወጠ። "ሰጥቶ መንሳት ከሰው አይቼ አላውቅም። ዛሬ ነው የረገሙኝ? ከዚህ ሥር በምገባበት ቀን? ጋሼ ይመር ይህን ቢያይ..." አልጨረሰውም።

ጋሼ ኃይለመለኮት ደርሰው ክንዴን ያዙ። "እትዬ በለጥሻቸው፣ ይበቃል። አንዳችሁ ወደ ቤታቸው አድርሷቸው። ሐዘን ነው፣ አትፍረዱባቸው።"

አንዱን ግማሽ እንደያዝኩ ተነሳሁ። ሌላውን ግማሽ ፍቃዱ ከጭቃው አነሳ።

አልሄድኩም። ከጤፍ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ቆሜ አየሁ። ከአዲሶቹ አንዱን ያቺ በነበረችበት አስገቡት። ፍቃዱ በጠርዙ ላይ የጎማ ቁራጭ አደረገ፤ ከዚያ ከሥር ገባ፣ ነካካ፣ ወጣ። ወፍጮው ከመሬት ለቀቀ፣ ትንሽ ተወዛወዘ፣ ወጣ፣ ዞረ፣ መኪናው ላይ ተቀመጠ። ሰው አጨበጨበ።

ያኔ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ነሐሴ 23

የተራው ወሬ። "የባሏ ሐዘን ዞሮባታል።" "ልጁ ላይ መተት አደረገችበት።" "ምን ሊሆን ኖሮ? ይኸው በሰላም ተነሳ አይደል እንዴ?"

አዎ፣ በሰላም ተነሳ። ያልሆነን ነገር ለማን ታሳያለህ?

ጋሼ ኃይለመለኮት ከእንግዲህ ዕቃ ከሌላ ቦታ እንደሚያስመጡ ልከውብኛል። በትህትና ነው ያስነገሩት።

ነሐሴ 26

ዛሬ ከብዙ ቀን በኋላ ፀሐይ ወጣ። ሱቁን ሳልከፍት በር ላይ ተቀምጬ የያዝኩትን ግማሽ አየሁት። ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት የኔ ስፌት ነው። የሸራ ክር። የፋብሪካው ስፌት ከቀበቶው ጋር አንድ ዓይነት ክር ነው፣ እንደ ሸረሪት ድር ሄዶ ይመለሳል። የኔው ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፣ የሸራ ጠርዝ እንደሚሰፋው። በእርግጥ ያምራል።

መርፌ አምጥቼ አንዱን ጥልፍ ልፈታ ከሥሩ ሳስገባ ክሩ ብን አለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን በመርፌ አልነካሁትም፤ በጥፍሬ ነው። ሳልጎትተው መጣ። ቀለበቱ ተፈትቶ ጭኔ ላይ እንደ መቀነት ተዘረጋ።

ፍቃዱ ይህን ቢያይ ይቅር ይለኝ ነበር። ይዤለት ብሄድ ይበቃዋል፤ አንድ ቃል መናገር አያስፈልገኝም። ግን ክር የሚያይ ሰው የሰፋውን እጅ ይጠይቃል።

ለስምንት ዓመት ፀሐይ መትቶታል፣ ዝናብ መትቶታል፣ ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ያኔ ክሩ አዲስ ነበር። ያኔ ጠንካራ ነበር። ጥሩ ክር ነበር። ይህን ደጋግሜ አሰብኩት፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ረድቶኝም ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ይቺ መጀመሪያ የሰፋኋት ናት። የተበጠሰችው ጋ ስደርስ ክሩ እያለቀብኝ ነበር።

ጳጉሜን 3

አልጻፍኩም። የምጽፈው አልነበረም።

ሰዓደት በልጇ እጅ በሶ ላከችልኝ።

መስከረም 9 ቀን 2018

አውደ ዓመቱ አለፈ። ፍቃዱ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይመጣ ነበር፤ ዘንድሮ አልመጣም።

ሰዓደት ቀበቶ መሸጥ ጀምራለች። ከኔ የራቀው ደንበኛ ወደ እሷ ሄዷል፤ አልተቀየምኳትም፣ ሳታስፈቅደኝም አልጀመረችም። ከሰዓት በኋላ ሸራ እያጠፍኩ ሳለሁ የፍቃዱን ድምፅ ሰማሁ። ከሱቋ ፊት ለፊት ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። በሁለት እግሩ ቆሟል። ትከሻው ሰፍቷል፣ ወይም ብዙ ቀን ስላላየሁት ነው።

"ስንቱን ልስጥህ?" አለችው ሰዓደት።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው።"

"አዲስ እኮ ነው! ከነላስቲኩ! ምኑን ታየዋለህ?"

አልመለሰላትም። ላስቲኩን ቀደደና ቀበቶውን አወጣ። ይህ ልጅ ቀበቶ ሲገዛ ስንት ዓመት አየሁት። ቀለሙን ያይና በእጁ መዝኖ ትከሻው ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ዛሬ ቀለሙን አላየም። ጽሑፉንም አልፈለገም። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ ቀለበቱን ከፈተና ስፌቱን ያይ ጀመር። በአውራ ጣቱ መስመር በመስመር ሄደበት። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ጫፍ አነሳ። ሰዓደት ስታወራው ነበር፤ የሚሰማት አልመሰለኝም።

የዚያች ቀበቶ ሌላው ግማሽ እሱ ጋ ነው። ከጭቃው ሲያነሳው አይቻለሁ።

ጨርሶ ቀበቶውን አጠፈ። ከዚያ ዞረና ወደ እኔ በር አየ።

ወደ ውስጥ አልገባሁም።